የቁማር ዱቤና የሕግ ዕዳ
(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



የዛሬው ንግግር በዱቤ ስለሚደረግ ቁማርና በሕግ ፊት ስለሚያስከትለው ዕዳ የሚገልጽ ነው። ስለ ቁማር ክፋት ካህናቱም ሼሆቹም፣ አባቶችም እናቶችም ብዙ ስለ ተናገሩ እኔ ያንኑ ልደግመው አልተነሣሁም። የእኔ ነገር ከዚያ የጠበበ ነው። ይኸውም፥ ሰው በኪሱ ያለውን ገንዘብ በቁማር ቢያስበላ የሚጎዳው በዚያው በጨረሰው ልክ ነው፤ ከኪሱ የሌለውን ገንዘብ ተበድሮ ቢያስበላ ግን ጉዳቱ በዚያ ሌሊት አይወሰንም። ከቁማር ቤቱ አብሮት ይወጣል፤ ከቤቱ ይገባል፤ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ይቀመጣል፤ በመጨረሻም ከዳኛ ፊት ያቆመዋል። ብዙ ሰው «የቁማር ዕዳ በሕግ አይጠየቅም» ሲባል ሰምቶ በዚያ ይጽናናል። ይህ አባባል ግማሹ እውነት ነው፤ ሰውን የሚያጠፋውም ያልተነገረው ግማሹ ነው።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ የጣርማ በርን ብርድ ተሰናብቶ በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል ሲወርድ የይፋት ቆላ ይቀበለዋል። ሸዋ ሮቢትን፣ ጀውሃን፣ ሰንበቴንና አጣዬን እያለፈ ሲሄድ ማሽላውንና ጤፉን፣ ማሾውንና በመስኖ የሚለማውን ሽንኩርት በግራና በቀኝ ያያል። በእሑድ ቀን ሰንበቴ የደረሰ እንደ ሆነ ደግሞ አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ ከብቱንና እህሉን ይዞ የሚገናኝበትን ታላቅ ገበያ ይመለከታል። የዚህ አገር ሰው ሠራተኛ ነው፤ መሬቱም ለጋስ ነው። ነገር ግን የገበሬ ገንዘብ እንደ ወር ደመወዝ በየጊዜው እየተቆጠረ አይመጣም። አዝመራው ሲሰበሰብ በአንድ ጊዜ ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ ረጅም የመጠበቂያ ወራት ይከተላሉ። በእነዚህ ወራት ባላገሩ ጨውንና ስኳርን፣ ዘርንና ማዳበሪያን በዱቤ ይወስዳል፤ አዝመራው ሲደርስም ይከፍላል።

እንግዲህ ዱቤ በራሱ ነውር አይደለም። ባለ ሱቅና ገበሬ የሚተማመኑበት፣ ድኻም ክረምቱን የሚሻገርበት ድልድይ ነው። ልብ ልንለው የሚገባን በዘር ዱቤና በቁማር ዱቤ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። የዘር ብድር መሬት ውስጥ ገብቶ ይበቅላል፤ ዕዳውን የሚከፍለውም ከራሱ ፍሬ ነው። ከቁማር ብድር ግን የሚበቅለው ወለዱ ብቻ ነው። ማሾውን ሸጦ በኪሱ ገንዘብ የያዘ ሰው ከገበያው ወደ ጓዳ ቤት ጎራ ብሎ በካርታ ወይም በሌላ ጨዋታ ያን ገንዘብ ከጨረሰ በኋላ «አይዞህ፣ እኔ ላበድርህ፣ ያለቀብህን ታስመልሳለህ» የሚለውን ድምፅ ሲሰማ፣ ዋናው አደጋ የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው።

አባቶቻችን ውርርድንም ዕዳንም አጥብቀው ያውቁ ነበር። በጥንቱ የሙግት ሥርዓት ተሟጋቾች በላ ልበልሃ እየተባባሉ በማር፣ በበቅሎ፣ በፈረስ ይወራረዱ ነበር። ዳኛው ግን ውርርዱን የሚቀበለው ዋስ ሲጠራለት ነው። ዋስ የሌለው ውርርድ ባዶ ቃል ነበርና። እንደዚሁም ዕዳውን መክፈል ያቃተው ሰው ከባለ ገንዘቡ ጋር በአንድ ሰንሰለት ይቆራኝ ነበር። ባለ ዕዳው በሄደበት ባለ ገንዘቡ አብሮት ይሄዳል፤ ሁለቱም በአንድ ላይ ይውላሉ፣ በአንድ ላይ ያድራሉ። ቁራኛ የሚለው ቃል እስከ ዛሬ በአፋችን የቀረው ከዚህ የተነሣ ነው። ያ ሰንሰለት ዛሬ የለም። ቢሆንም ሰንሰለቱ በብረት ፈንታ በወረቀት ተተክቷል ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

አሁን ወደ ሕጉ እንግባ። በአገራችን በዕድል ላይ የተመሠረተ ጨዋታ ሁሉ የተከለከለ አይደለም። የብሔራዊ ሎተሪ ድርጅት ከተቋቋመበት ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ ሎተሪ በመንግሥት እጅ ሲካሄድ ኖሯል፤ ሌሎችም የዕድል ጨዋታዎች በመንግሥት ፈቃድ ሊካሄዱ ይችላሉ። ያለ ፈቃድ የሚካሄድ ቁማር ግን ሕገ ወጥ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1716 እንደሚደነግገው፣ ተዋዋዮቹ የገቡት ግዴታ ሕገ ወጥ ወይም ለመልካም ጠባይ ተቃራኒ የሆነ እንደ ሆነ ውሉ ፈራሽ ነው። ስለዚህ በጓዳ ቤት በተደረገ ቁማር ያሸነፈ ሰው ወደ ፍርድ ቤት ቀርቦ «እገሌን በካርታ አሸንፌዋለሁና አስከፍሉልኝ» ብሎ ቢጠይቅ ዳኛው አይሰማውም። ይህ አሳብ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1804 ባወጡት የፍትሐ ብሔር ሕጋቸው ለቁማር ዕዳ ክስ እንደማይፈቀድ ጽፈዋል። የእኛን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድም የዚያው አገር የሕግ ሊቅ ነበሩ። እንግሊዞችም እ.ኤ.አ. በ1845 ባወጡት ሕግ የቁማር ውል በፍርድ ቤት እንዳይጠየቅ አድርገው፣ ይህም ሕግ እስከ 2007 ድረስ ጸንቶ ኖሯል።

«የቁማር ዕዳ በሕግ አይጠየቅም» የተባለው እንግዲህ እስከዚህ ድረስ ነው። ነገር ግን ብልኅ የሆነ አበዳሪ የቁማር ዕዳን በቁማር ስሙ ይዞት ወደ ፍርድ ቤት አይሄድም። ልብሱን ይለውጥለታል። ይህን የልብስ ለውጥ አንድ በአንድ ብንመለከተው ይጠቅመናል።

የመጀመሪያው ልብስ የብድር ወረቀት ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ የይፋት ገበሬ በአንድ ሌሊት ስድስት ሺህ ብር ተበልቶ ባለ ዕዳ ሆነ እንበል። ባለ ቤቱ ወረቀት አቅርቦ «እኔ ስሜ ከዚህ በታች የተጻፈው ብር 6,000 ከእገሌ ተበድሬአለሁ፤ በሦስት ወር ውስጥ እከፍላለሁ» ብሎ ይጽፍና ያስፈርመዋል። አብረው ሲጫወቱ ያመሹ ሁለት ሰዎችም በምስክርነት ይፈርማሉ። በዚህ ወረቀት ላይ ካርታ የሚል ቃል የለም፤ ቁማር የሚል ቃልም የለም። ሕጉ ደግሞ የውሉን ሕጋዊነት ሲመረምር ተዋዋዮቹ ለምን ምክንያት እንደ ተዋዋሉ የሚመለከተው ምክንያቱ በጽሑፉ ላይ የተገለጸ እንደ ሆነ ነው። ከዚህም በላይ በቁጥር 2005 መሠረት የጽሑፍ ሰነድ በፈረሙት ሰዎች መካከል ሙሉ ማስረጃ ነው፤ የፈረመ ሰው በሰነዱ ቃል ላይ ምስክር አቁሞ ሊያፈርሰው አይችልም፤ የሚቀርለት ባላጋራውን በመሐላ መጠየቅ ነው። በቁማር ገንዘብ የሰበሰበ ሰው በመሐላ ይመሰክርልኛል ብሎ ተስፋ ማድረግ ምን ያህል እንደሚያዋጣ ለእናንተው ትቻለሁ። በሬ በቀንዱ ሰው በቃሉ ይታሰራል ሲሉ አባቶቻችን የተናገሩት እዚህ ላይ ሥራውን ይሠራል።

አበዳሪው ለማስፈረም የሚቸኩልበት ምክንያትም ከሕጉ የመነጨ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2472 መሠረት ከአምስት መቶ ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር ሊረጋገጥ አይችልም። ስለዚህ ያለ ወረቀት የተሰጠ ብዙ ገንዘብ ለአበዳሪው እንደ ጉም ነው፤ ብዕሩ ወረቀቱን በነካበት ደቂቃ ግን ጉሙ ድንጋይ ይሆናል። ተጫዋቹ በቁማሩ የሚሸነፈው ገንዘቡን ነው፤ በፊርማው የሚሸነፈው ግን መከራከሪያውን ነው።

ሁለተኛው ልብስ አራጣ ነው። በቁማር ቤት የሚሰጥ ብድር ብዙ ጊዜ ለወር ከመቶ አሥር ብር ወለድ ይታሰብበታል እንበል። ስድስት ሺህ ብር በየወሩ ስድስት መቶ፣ በዓመት ሰባት ሺህ ሁለት መቶ ብር ይወልዳል ማለት ነው፤ ልጁ ከእናቱ በለጠ። ሕጋችን ግን በቁጥር 2479 ተዋዋዮች ከመቶ አሥራ ሁለት የሚበልጥ የዓመት ወለድ ሊስማሙ እንደማይችሉ ይደነግጋል። ከዚያ በላይ የተስማሙ እንደ ሆነ ወለዱ ወደ መቶ ዘጠኝ ይወርዳል። እንግዲህ ሰባት ሺህ ሁለት መቶ ብር የተጠየቀበት ያ ዕዳ በሕግ ሚዛን ሲመዘን የዓመት ወለዱ አምስት መቶ አርባ ብር ብቻ ነው። የሌላውን ሰው ችግር ወይም የልብ ድካም መሣሪያ አድርጎ ከተወሰነው መጠን በላይ ወለድ የሚያስከፍል ሰውም በ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአራጣ ወንጀል ሊከሰስ ይችላል። ባለ ዕዳው ይህን ባለማወቁ ግን ወለዱን መክፈል ሲያቅተው አዲስ ወረቀት ይፈርማል። በአዲሱ ወረቀት ላይ ወለዱና ዋናው ተደምረው በአንድነት «ዋና ብድር» ተብለው ይጻፋሉ። በዚህ ዓይነት በሕግ የተከለከለው ወለድ የተፈቀደ ገንዘብ መስሎ ይገባል። አንዳንዱም የእርሻ መሬቱን ወለድ አገድ ይሰጣል፤ ባለ ገንዘቡ መሬቱን እያረሰ ይበላል፤ ዋናው ዕዳ ግን ሳይጎድል ይቈያል።

ሦስተኛው ልብስ ቼክ ነው፤ ይህም ከሁሉ የከፋው ነው። የሽንኩርት ወይም የእህል ነጋዴ የሆነ ሰው በቁማር ቤት ዱቤ ሲጠይቅ «ለመያዣ ብቻ ቼክ ፈርምልኝ» ይባላል። እርሱም መያዣ መስሎት ይፈርማል። ነገር ግን ቼክ ለባንክ እንደ ቀረበ ወዲያው የሚከፈል ሰነድ ነው እንጂ መያዣ አይደለም። በሒሳቡ ውስጥ በቂ ገንዘብ እንደሌለው እያወቀ ቼክ ያወጣ ሰው በወንጀል ሕግ ቁጥር 693 መሠረት በቀላል እስራት፣ እንደ ነገሩም ክብደት እስከ አሥር ዓመት ሊደርስ በሚችል ጽኑ እስራትና በመቀጮ ይቀጣል፤ በቸልተኛነት ያደረገውም ቢሆን ከቅጣት አያመልጥም። እንግዲህ አስተውሉ፤ ዕዳ ያልከፈለ ሰው በዕዳው ብቻ አይታሰርም ነበር፤ በቼክ የፈረመ ሰው ግን የገንዘብን ጉዳይ በገዛ እጁ ወደ ወንጀል ጉዳይ ለወጠው ማለት ነው። ሸዋ ሮቢት ማረሚያ ቤት ያለባት ከተማ ስለ ሆነች እስራት ምን እንደ ሆነ ለነዋሪዎቿ መንገር አያስፈልግም።

አራተኛው ልብስ የሌላ ሰው ስም ነው። ባለ ዕዳው «ዋስ ጥራ» ሲባል ወንድሙን ወይም የአብሮ አደግ ጓደኛውን ይጠራል። የአገራችን ሰው ዋስነትን እንቢ ማለት ይከብደዋል፤ ዕዳ ከሜዳ የተባለውም በዚህ መንገድ ይመጣበታል። ዋስ የሚሆን ሰው ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ፤ ሕጉ ዋስትና በግልጽ እንዲሆንና የሚዋስበት ከፍተኛው ገንዘብ ልክ በውሉ ውስጥ እንዲወሰን ያዛል፤ ልኩ ያልተወሰነ ዋስትና አይጸናም። ስለዚህ ምን ያህል እንደ ሆነና ለምን እንደ ሆነ ሳይጠይቅ የሚፈርም ዋስ ለወዳጁ ደግ አልሠራም።

ትዳርም አለ። ባልና ሚስት በአንድነት ያፈሩት ሀብት የሁለቱም ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ከአምስት መቶ ብር በላይ ለመበደር ወይም ለሌላ ሰው ዋስ ለመሆን የሁለቱ ስምምነት እንደሚያስፈልግ ደንግጓል፤ የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል። በፌዴራሉ ሕግ ያልተስማማው ወገን ነገሩን ባወቀ በስድስት ወር ውስጥ፣ ቢዘገይም ከሁለት ዓመት ሳያልፍ ውሉ እንዲፈርስለት ፍርድ ቤትን ሊጠይቅ ይችላል። ጊዜው ካለፈ ግን፣ ባለ ዕዳው የግል ንብረት የሌለው እንደ ሆነ፣ የጋራው ንብረት ለዕዳው ሊያዝ ይችላል። እንግዲህ ዕዳን ከሚስት መደበቅ ሚስትን ከጭንቀት ማዳን አይደለም፤ የተሰጣትን የመከላከያ ጊዜ መስረቅ ነው።

ከዚህ ሁሉ የባሰ ደግሞ አለ። የእቁብ ገንዘብ ሰብሳቢ ወይም የዕድር ገንዘብ ያዥ የሆነ ሰው «ነገ አሸንፌ እመልሰዋለሁ» ብሎ በአደራ የተሰጠውን ቢያወጣ ይህ ብድር አይባልም። በሕግ ስሙ እምነት ማጉደል ነው፤ ቅጣቱም የወንጀል ቅጣት ነው። ገንዘቡን በኋላ መመለሱ ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችል ይሆናል እንጂ የተሠራውን ሥራ አልተሠራም አያሰኘውም።

አሁን ደግሞ ከይፋት ቆላ ወደ ውጭ አገር ጥቂት እንሻገር፤ የአገራችን ልጆች ዛሬ በዓለም ዙሪያ ይኖራሉና። በአሜሪካ በኔቫዳ ግዛት የምትገኘው የላስ ቬጋስ ከተማ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚሠሩባትና የሚኖሩባት ናት። ኔቫዳ ቁማርን እ.ኤ.አ. በ1931 በሕግ ፈቀደች፤ ይሁን እንጂ ፍርድ ቤቶቿ የቁማር ዕዳን ለማስከፈል ለብዙ ዘመን ፈቃደኞች አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1983 ግን ሕጉ ተለወጠና ካዚኖዎች በጽሑፍ የሰጡትን ብድር በክስ እንዲጠይቁ ተፈቀደላቸው። እዚያ ተጫዋቹ የሚፈርመው ወረቀት ማርከር ይባላል። ማርከር መልኩ የዱቤ ወረቀት ነው፤ በሕግ ግን እንደ ቼክ ይቈጠራል። ካዚኖው ወደ ተጫዋቹ ባንክ ይልከዋል፤ ገንዘብ ካልተገኘበትና ተጫዋቹም ማስጠንቀቂያ ደርሶት ካልከፈለ ጉዳዩ ወደ ዐቃቤ ሕግ ተመርቶ የወንጀል ክስ ሊሆን ይችላል። በውጭ አገር መኖሪያ ፈቃድ ለሚኖር ሰው የወንጀል ክስ ከገንዘቡም ይልቅ የከበደ መዘዝ እንዳለው የሚታወቅ ነው። እንግዲህ በጨለማ ጓዳ የተጻፈው የይፋቱ ወረቀትና በመብራት ባሸበረቀው አዳራሽ የተፈረመው የላስ ቬጋሱ ወረቀት መንገዳቸው አንድ መሆኑን ተመልከቱ። ሁለቱም ጨዋታውን ወደ ብድር፣ ብድሩን ወደ ቼክ፣ ቼኩን ወደ ክስ ይለውጡታል።

በእኛም አገር ዱቤው ከሰው ኪስ ወደ እጅ ስልክ ገብቷል። በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ከጀመረ በኋላ በ2014 ዓ.ም. በስልክ የሚሰጥ አነስተኛ ብድር ተጨምሮበታል። ይህ አገልግሎት ለነጋዴና ለገበሬ የሚጠቅም መሆኑ አያጠራጥርም። ነገር ግን በየከተማው የእግር ኳስ ውርርድ ቤቶች በተስፋፉበት ጊዜ፣ አንድ ጎረምሳ በአንድ ጣቱ ተበድሮ በሌላው ጣቱ ሊወራረድ ይችላል። በዚህ ጊዜ አበዳሪው ባንክ ነው፤ ብድሩም ፍጹም ሕጋዊ ነው። «ለውርርድ ነው የወሰድሁት» ብሎ መከራከር አያዋጣም። ከወረቀቱ በፊት ቆም ብሎ ለማሰብ የነበረችው ያች ጥቂት ጊዜ እንኳ እዚህ የለችም።

ምን እናድርግ የሚል ቢኖር፣ ምክሬን በአጭሩ እናገራለሁ። መጀመሪያ፥ በቁማር ቦታ ምንም ወረቀት አትፈርሙ፤ በተለይም ባዶ ወረቀትና ባዶ ቼክ። ወለዱን ከዋናው ጋር የደመረ አዲስ ወረቀትም አትቀበሉ። ሁለተኛ፥ ዕዳ የደረሰባችሁ እንደ ሆነ ለትዳር ጓደኛችሁ በዚያው ሳምንት ንገሩ። ሦስተኛ፥ መጥሪያ ሲመጣ አትሽሹ። ፍርድ ቤት ያልቀረበ ሰው በሌለበት ይፈረድበታል፤ የቀረበ ግን ወለዱ ከሕግ በላይ መሆኑን፣ ወረቀቱም በሁለት ምስክሮች በሚገባ ያልተረጋገጠ መሆኑን፣ ወይም የዕዳው ምንጭ ከጽሑፉ ራሱ የሚታይ መሆኑን አመልክቶ ሊከራከር ይችላል። ዕድሜው ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች የሆነ ልጅ የፈረመው ውልም እንዲፈርስ ሊጠየቅበት ይችላል። ቢፈረድበትም እንኳ ሕጉ ለሙያው አስፈላጊ የሆኑትን መሣሪያዎች ከመያዝ ይጠብቅለታል፤ የገጠር መሬትም በሕገ መንግሥቱ መሠረት የማይሸጥ ነው። አራተኛ፥ አበዳሪው በሬህን እነዳለሁ ወይም በጉልበቴ አስከፍላለሁ ያለ እንደ ሆነ ይህ ራሱ ወንጀል ነውና ለፖሊስ አመልክቱ። በአገር ሽማግሌ መታረቅም መልካም ነው፤ ዕርቁ ግን በጽሑፍ ይሁን፤ የቀድሞው ወረቀትም በሽማግሌዎቹ ፊት ይቀደድ።

ብድር በምድር ይባላል። የተበደረ መክፈሉ የሰውነት ክብር ነው፤ ይህን ማንም አይቃወምም። ነገር ግን ሰው ሊከፍለው የሚገባው በእርግጥ የተበደረውንና በሕግ የሚገባውን ነው እንጂ በሌሊት ጨዋታ ተወልዶ በቀን የብድር ካባ የደረበውን ሁሉ አይደለም። በሚቀጥለው አዝመራ ማሾውን ሽጦ ወደ ቤቱ የሚመለስ ገበሬ ከሱቁ የወሰደውን የዘር ዱቤ ይክፈል፤ ከቀረው ለልጆቹ ደብተር፣ ለቤቱም ቆርቆሮ ይግዛ። «ላበድርህ፣ ታስመልሳለህ» የሚለውን ድምፅ በመንገድ ሲሰማም፣ ያ ድምፅ የሚፈልገው ፊርማውን መሆኑን ዐውቆ እጁን በኪሱ እንደ ያዘ ይለፍ።